ለቀስትዎ የሚስማማ የፍላጻ ክብደት እንዴት ይመረጣል?

ቀስት የሚገዛ ሰው እንጨቱን፣ ቅርጹንና ዋጋውን ለሳምንታት ሲያማርጥ ይቆይና ፍላጻውን ግን ሻጩ ያቀረበለትን አንሥቶ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ገንዘቡ የሚያንስበት ሰው ቀስቱን መጠነኛ ገዝቶ ፍላጻውን በጥንቃቄ ቢመርጥ እላለሁ። ተራ ቀስት በተስማማው ፍላጻ በደንብ ይመታል፤ ውድ ቀስት ግን ካልተስማማው ፍላጻ ጋር ባለቤቱን ሲያደናግረው ይኖራል። ጀማሪው ጥፋቱን በእጁና በዓይኑ ላይ ያሳብባል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ኮረጆው ውስጥ ነው።

ይህ መመሪያ የሚመለከተው ማነጣጠሪያም መዘውርም የሌላቸውን ቀስቶች ነው። እነሱም ጫፎቻቸው ወደ ፊት የተቆለመሙት ሪከርቭና ረጅሙ ሎንግቦው ሲሆኑ፣ ጉልበታቸው ከ25 እስከ 50 ፓውንድ የሆነውን በአእምሮዬ ይዤ ነው የምጽፈው። ከመዘውር ቀስት ተጠቃሚዎች የሚሰሙትን የክብደት ምክር ለጊዜው ይተዉት፤ የእነሱ ፍላጻ ለእርስዎ ቀስት አደገኛ እስኪሆን ድረስ ሊቀል ይችላል።

መጀመሪያ የቀስቱን ጉልበት በራስዎ አሳሳብ ይለኩ

በቀስቱ ክንድ ላይ 40 ፓውንድ በ28 ኢንች የሚል ጽሑፍ ያገኛሉ እንበል። አውታሩ እስከ 28 ኢንች ሲሳብ ጣቶችዎ ላይ የሚያርፈው ጭነት 40 ፓውንድ፣ ማለትም 18 ኪሎ ግድም ነው ማለት ነው። እርስዎ ግን 28 ኢንች ላይስቡ ይችላሉ። ክንዱ አጠር ያለ ሰው 26 ወይም 27 ላይ ያቆማል፤ ረጅሙ 30 ሊደርስ ይችላል። በአንድ ኢንች ልዩነት ከ2 እስከ 3 ፓውንድ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ ስለዚህ በአንድ ቀስት ሁለት ሰዎች ሲወረውሩ ሁለት የተለያየ ጉልበት ይዘዋል ማለት ነው።

የሚስቡትን ርዝመት ለማወቅ ረጅም ፍላጻ አውታሩ ላይ ይግጠሙና እንደ ወትሮው አገጭዎ ወይም የአፍዎ ጥግ ድረስ ይሳቡ። አጠገብዎ፣ ከፍላጻው ጎን የቆመ ሰው ፍላጻው ከቀስቱ የፊት ገጽ፣ ማለትም ወደ ኢላማው ከዞረው ገጽ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርግበት። ከአውታሩ መያዣ ስንጥቅ እስከዚያ ምልክት ያለው ርዝመት የእርስዎ ነው። አንዴ ብቻ አይለኩ። ሰው ሲለካ ደረቱን ይነፋና ከልማዱ በላይ ይስባል፤ ጥቂት ፍላጻዎች ወርውረው ሰውነትዎ ሲፍታታ ደግመው ይለኩ።

ቀጥሎ ጉልበቱ። ለዚህ ልዩ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ በውጭ አገር የሚኖር ሐበሻ ቤት የማይጠፋው የሻንጣ ሚዛን ይበቃል። የቀስቱን እጀታ ጠንካራ ማንጠልጠያ ላይ ያሳርፉ፣ የሚዛኑን መንጠቆ በአውታሩ መካከል ያስገቡ፣ ከዚያ በራስዎ ርዝመት ልክ ቀስ ብለው ወደ ታች ይሳቡና ያንብቡ። የተነበበውን ኪሎ በ2.2 ሲያባዙ ፓውንድ ይሆናል። ሲጨርሱ አውታሩን በቀስታ ይመልሱት። ፍላጻ የሌለበትን አውታር ስቦ መልቀቅ ቀስት ሊሰብር ይችላል፤ በሚዛንም ይሁን በእጅ፣ ለሙከራም ቢሆን አይደረግም።

ከዚህ በኋላ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። በ28 ኢንች 40 ፓውንድ የተባለ ሪከርቭ፣ 27 ኢንች በሚስብ ሰው እጅ ሚዛኑ 17.3 ኪሎ አነበበ። ይህ 38 ፓውንድ ነው። ከዚህ በኋላ የሚታሰበው ሁሉ በ38 እንጂ በ40 አይደለም።

ጉልበቱን አባዝተው ክልሉን ያግኙ

የፍላጻ ክብደት በዓለም ዙሪያ የሚነገረው በግሬይን ነው። 1 ግራም 15.43 ግሬይን ይሆናል፤ 7,000 ግሬይን ደግሞ 1 ፓውንድ። ቀስተኞች የሚጠቀሙበት ስሌት ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ የቀስት ጉልበት ፓውንድ ስንት ግሬይን ፍላጻ ይደርሰዋል ብለው ይጠይቃሉ።

ከ8 በታች አይውረዱ። ብዙ የባህላዊ ቀስት ሠሪዎች ዋስትና የሚሰጡት ከዚህ ወይም ከዚህ ከፍ ካለ መጠን በላይ ለሚወረውር ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ቀስቱን ሲገዙ ዝቅተኛው ስንት እንደሆነ ጠይቀው ይያዙ። 9 እና 10 ለአብዛኛው ሰው የሚበጀው ቦታ ነው። ከአንድ እንጨት ብቻ ለተፈለፈለ ቀስት፣ ለአሮጌ ቀስትና ታሪኩን ለማያውቁት ቀስት 10 እና ከዚያ በላይ ይያዙ። 12 እና ከዚያ በላይ ከባድ የሚባለው ነው። በ38 ፓውንዱ ምሳሌያችን 8 ማለት 304 ግሬይን፣ 9 ማለት 342፣ 10 ማለት 380፣ 12 ማለት 456 ነው።

ይህ ስሌት ለምን እንደሚሠራ መረዳት ቁጥሩን ከመሸምደድ ይበልጣል። አውታሩን ሲስቡ ጉልበትዎ ክንዶቹ ውስጥ ይከማቻል። ሲለቁት ያ ጉልበት ፍላጻውን ብቻ አይገፋም፤ ክንዶቹንና አውታሩንም ያንቀሳቅሳል። ፍላጻው ከበድ ሲል ከተከማቸው ጉልበት የሚበዛውን ይዞት ይሄዳል። ሲቀል ግን ሳይወስደው የቀረው ጉልበት ክንዶቹ ላይ ይቀራል፤ በንዝረትና በድምፅም ይወጣል። በጣም ቀላል ጠጠር በሙሉ ኃይሉ የወረወረ ሰው ትከሻውን እንደሚያመው፣ ቀስቱም በየውርወራው ይጎዳል። ስለዚህ ቀላል ፍላጻ ወርውረው እጀታው እጅዎን ሲያንቀጠቅጠውና አውታሩ ሲጮህ፣ ያ ድምፅ ቀስቱ ላይ የቀረው ጉልበት ነው።

ፍጥነት ምን ያህል ይለወጣል? ለእንዲህ ዓይነቱ 38 ፓውንድ ሪከርቭ በግምት ባለ304 ግሬይኑ ፍላጻ በሰከንድ 58 ሜትር፣ ባለ380ው 53፣ ባለ456ቱ 50 ሜትር ይሄዳል። ልብ ይበሉ፤ ክብደቱ በግማሽ ሲጨምር ፍጥነቱ የቀነሰው በ14 ከመቶ ብቻ ነው። ፍላጻው ይዞት የሚሄደው ጉልበት ደግሞ እንዲያውም ትንሽ ጨምሯል።

ዋጋው የሚከፈለው በአወራረዱ ነው። የአየርን ግጭት ትተን፣ በአንድ ማዕዘን የተለቀቁ ሁለት ፍላጻዎች 18 ሜትር ላይ ሲደርሱ ባለ304ቱ 47 ሳንቲ ሜትር፣ ባለ456ቱ ደግሞ 64 ሳንቲ ሜትር ይወርዳሉ። 17 ሳንቲ ሜትር ትልቅ ልዩነት ይመስላል። ነገር ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ፍላጻ ለሚወረውር ሰው ዓይኑና እጁ አወራረዱን በጥቂት ቀናት ይለምዱታል። የሚጎዳው የተደበላለቀ ፍላጻ ይዞ የሚወረውረው ነው፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ለምን ሥራ እንደሆነ ይወስኑ

የፍላጻ ክብደት ሁልጊዜም ለሥራው ሲባል የተመረጠ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1545 በእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ የሰጠመችው የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የጦር መርከብ ሜሪ ሮዝ በ1982 ከባሕር ወጥታለች። ከእሷ 137 ሙሉ ሎንግቦውና ከ3,500 በላይ ፍላጻዎች ተገኝተዋል። ቀስቶቹ ከ100 ፓውንድ በላይ የሚስቡ ናቸው ተብሎ ይገመታል፤ ፍላጻዎቹም ጥሩር የለበሰ ወታደር ላይ የሚወርዱ ስለነበሩ ወፍራምና ከባድ ነበሩ። ኮሪያውያን በተቃራኒው እስከ ዛሬ 145 ሜትር ርቆ የቆመ ኢላማ ስለሚመቱ ፍላጻቸው ቀጭንና ቀላል ነው። ወደ እኛ ቀረብ ስንል፣ በኬንያ ጻቮ አካባቢ ዝሆን ያድኑ የነበሩት ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ ዋታዎች ከ100 ፓውንድ ያለፈ ቀስት በመርዝ ከተቀባ ከባድ ፍላጻ ጋር ይጠቀሙ ነበር።

የእርስዎ ሥራ በ18 ሜትር አዳራሽ ውስጥ ኢላማ መምታት ከሆነ፣ ከበድ ያለውን ይምረጡ ባይ ነኝ፤ ከ10 እስከ 12 ያለው ጥሩ ነው። ምክንያቱ ሰላማዊ አወጣጥ ብቻ አይደለም። ብዙ ባህላዊ ቀስተኞች የሚያነጣጥሩት በፍላጻው ጫፍ ነው። ዓይን ከፍላጻው በላይ ስለሚገኝ በቅርብ ርቀት ጫፉን ከኢላማው በታች ማሳየት ግድ ይላል፤ ፍላጻው ፈጣን በሆነ መጠን ደግሞ ጫፉን የበለጠ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ዘገምተኛው ከባድ ፍላጻ ጫፉ ወደ ኢላማው መሐል ስለሚቀርብ ማነጣጠሩ ይቀላል። ለ18 ሜትር ሲሉ ፍጥነት የሚያሳድዱ ሰዎች ሥራቸውን በራሳቸው ላይ ያከብዳሉ።

50 ሜትር ለሚወረውሩ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የዓለም ቀስት ውርወራ ፌዴሬሽን ቤርቦው በሚለው ዘርፍ ከቤት ውጭ የሚወዳደሩት 50 ሜትር ላይ በ122 ሳንቲ ሜትር ኢላማ ነው። በዚያ ርቀት 38 ፓውንድ ቀስት ይዞ ባለ12 መወርወር ጫፉን ከኢላማው በላይ ሊያሳይ ይችላል፤ ከ8 እስከ 9 ያለው ይሻላል። በዱር ሜዳ በተለያየ ርቀት ለሚወዳደር ሰው 9 ወይም 9.5 መሐከለኛው መንገድ ነው። በሎንግቦው ዘርፍ ለመወዳደር ካሰቡ ደንቡ ዘንጉ እንጨት፣ ላባው የተፈጥሮ እንዲሆን ስለሚያስገድድ ክብደቱ በአብዛኛው ራሱ ከ10 በላይ ይወጣል።

ስለ አደን አጭር ቃል። በኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ክልክል ነው። በአሜሪካ ደግሞ ለቀስት አደን የሚፈቀደውን ዝቅተኛ የቀስት ጉልበት የሚወስነው እያንዳንዱ ግዛት ስለሆነ መጀመሪያ የግዛትዎን ሕግ ያንብቡ። አዳኞች ዘንድ 650 ግሬይን የሚል ቁጥር ይሰማሉ፤ ይህ ዶክተር ኤድ አሽቢ በደቡብ አፍሪካ ናታል ከጀመሯቸው የፍላጻ ጥናቶች የወጣና ወፍራም አጥንት ለመስበር የሚያስፈልግ ክብደት ነው። ለ38 ፓውንድ ቀስት 650 ማለት 17 እጥፍ ነው፤ ኢላማ ለሚለማመድ ሰው አይጠቅምም።

ክፍሎቹን ይደምሩ

የሚፈልጉት ክብደት ከታወቀ በኋላ ጥያቄው እንዴት ይደረስበታል የሚል ይሆናል። የፍላጻ ክብደት የአምስት ነገሮች ድምር ነው፤ ዘንጉ፣ የፊት ጫፉ፣ ጫፉ የሚታሰርበት ውስጠኛው ብረት፣ ላባዎቹ፣ እና አውታሩን የሚነክሰው የኋላ ፕላስቲክ። ላባዎቹ በአንድ ላይ፣ ፕላስቲኩም ለብቻው ከ10 ግሬይን እምብዛም አያልፉም፤ ጨዋታው ያለው ዘንጉና ጫፉ ላይ ነው።

ዘንግ ሠሪዎች ክብደቱን በኢንች ስንት ግሬይን እንደሆነ ይጽፋሉ። በኢንች 7 ግሬይን የሚመዝን የካርቦን ዘንግ በ29 ኢንች ቢቆረጥ 203 ይሆናል። ውስጠኛው ብረት 15፣ ፕላስቲኩ 9፣ ሦስቱ ላባዎች 9፣ ጫፉ 125። ድምሩ 361 ግሬይን ነው፤ ለ38 ፓውንድ ሲካፈል 9.5። ለሜዳም ለአዳራሽም የሚያገለግል ፍላጻ ተገኘ።

አሉሚኒየም ከፈለጉ በዘንጉ ላይ 1816 ወይም 1916 የሚል ባለአራት አሃዝ ቁጥር ያያሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ውፍረቱን በኢንች 64ኛ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ የግድግዳውን ውፍረት በኢንች ሺኛ ይናገራሉ። 1816 በኢንች ከ9 ግሬይን ትንሽ ያልፋል፤ በ29 ኢንች ከነሙሉ ዕቃው 430 ገደማ፣ ለምሳሌያችን ከ11 እጥፍ በላይ ይሆናል። ለአዳራሽ ልምምድ ለሚገዛ ሰው አሉሚኒየምን አጥብቄ እመክራለሁ። ዋጋው መካከለኛ ነው፣ በደርዘኑ ውስጥ ያለው የክብደት ልዩነት ጥቂት ነው፣ ሲጎዳም ጎብጦ ስለሚታይ ይታወቃል።

እንጨት ሌላ ዓለም ነው። በአሜሪካ በኦሪገን ዳርቻ የሚበቅለው የፖርት ኦርፎርድ ጥድ ለረጅም ዘመን የተወደደው ቀላል፣ ቀጥ ያለና መልካም ሽታ ያለው ስለሆነ ነው። ነገር ግን አንዱ ዘንግ ከሌላው በክብደት ይለያያል፤ ስለዚህ ሻጩ በክብደትና በግትርነት የመደበውን ብቻ ይግዙ። በአገራችን ቀርከሃ ወይም ሸምበቆ ዘንግ ለመሥራት የሚያስብም ካለ ይህንኑ ልብ ይበል። የቆላው ቀርከሃችን ውስጡ ድፍን ስለሆነ ክብደቱ ይበዛል፤ ብዙ ዘንግ ቆርጦ፣ አድርቆና መዝኖ ጥቂቱን ማስቀረት የሥራው አካል ነው።

ለልጆች ቀስት ይህ ስሌት አይከበርም። 20 ፓውንድ የተባለ ቀስት በሕፃን እጅ 13 ፓውንድ ቢሆን 10 እጥፉ 130 ግሬይን ነው፤ እንዲህ የቀለለ ጤናማ ፍላጻ ማግኘት ያስቸግራል። 250 ቢመዝንም ምንም አይደለም፤ ቅርብ ይወረውራል እንጂ ቀስቱን አይጎዳም። በልጆች ላይ የማይታለፈው ርዝመቱ ነው፤ ፍላጻው ልጁ ከሚስበው ቢያንስ 2 ኢንች ይርዘም። አጭር ፍላጻ ሲሳብ ከማረፊያው ወደ ኋላ ወርዶ እጅ ሊወጋ ይችላል። ልጅ ደግሞ ስለሚያድግ በየጥቂት ወሩ እንደገና ይለኩ።

ክብደቱ ልክ ሆኖ ግትርነቱ ከተሳሳተ አይመታም

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። አውታሩ ሲለቀቅ ፍላጻው ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ጎብጦ እጀታውን ዞሮ ያልፍና በአየር ላይ እየተወዛወዘ ይቃናል። በጣም ግትር ዘንግ አይጎብጥምና እጀታውን ገጭቶ ወደ ጎን ይሄዳል፤ በጣም ልል ዘንግ ከመጠን በላይ ይጎብጣል። ይህ የግትርነት መጠን ስፓይን ይባላል።

የካርቦን ዘንግ ስፓይን የሚለካው በ28 ኢንች ልዩነት ሁለት ድጋፎች ላይ ተኝቶ መሐሉ ላይ 1.94 ፓውንድ ሲንጠለጠልበት በስንት ሺኛ ኢንች እንደጎበጠ ነው። 500 ማለት ግማሽ ኢንች ጎበጠ ማለት ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሲያድግ ዘንጉ ልል ነው። የእንጨት ዘንግ ግን በ26 ኢንች ድጋፍና በ2 ፓውንድ ተለክቶ በፓውንድ ይጻፋል፤ እዚያ ቁጥሩ ሲያድግ ዘንጉ ግትር ነው። ባለ500 ካርቦን ባለ50 ፓውንድ እንጨት እየመሰላቸው የሚገዙ ሰዎች አሉ፤ በስሌት ሲመጣ ወደ 63 ፓውንድ ይጠጋል። ለምሳሌያችን ቀስት በ29 ኢንች ካርቦን ሠሪዎች የሚያመለክቱት 600 ነው፤ እጀታው ወደ መሐል ጠልቆ ለተቀረጸ ሪከርቭና ከበድ ላለ ጫፍ ደግሞ 500 መሞከር ይቻላል።

ክብደትና ስፓይን የተያያዙ ስለሆኑ አንዱን ሲነኩ ሌላው ይንቀሳቀሳል። ጫፉን ከ125 ወደ 150 ቢያሳድጉ ፍላጻው 386 ግሬይን ይሆናል፣ ነገር ግን ከባድ ጫፍ ዘንጉን የበለጠ ስለሚያጎብጠው የለሰለሰ ያህል ይሠራል። ዘንጉን ማሳጠር ደግሞ ያገትረዋል፤ ክብደቱንም ይቀንሳል። ስፓይኑ ልክ ሆኖ ክብደት ብቻ መጨመር የሚፈልግ ሰው ጫፉን አይንካ፤ በዚያው ስፓይን በኢንች የበለጠ የሚመዝን ዘንግ ይግዛ፣ ወይም በዘንጉ ውስጥ ሙሉ ርዝመቱን የሚሄድ የፕላስቲክ ቱቦ ያስገባ። በኢንች 3 ግሬይን የሚመዝን ቱቦ በ29 ኢንች ዘንግ ላይ 87 ግሬይን ይጨምራል፤ ግትርነቱን ግን ብዙም አይነካውም።

ላባ በሌለው ዘንግ ይሞክሩ

ሠንጠረዥ መነሻ ነው፤ ፍርዱን የሚሰጠው ኢላማው ነው። ሦስት ላባ ያላቸው ፍላጻዎችና አንድ ላባ የሌለው ተመሳሳይ ዘንግ ይያዙ። ላባው ሲወርድ የጎደለውን ጥቂት ግሬይን በዘንጉ የኋላ ጫፍ ላይ ፕላስተር ጠቅልለው ይተኩ። በ10 ሜትር ይጀምሩና ሦስቱ ፍላጻዎች አንድ ቦታ መሰብሰብ ሲጀምሩ ባዶውን ይወርውሩ። ሦስቱ ገና የማይሰበሰቡልዎት ከሆነ ይህ ሙከራ ምንም አይነግርዎትም፤ ጥቂት ወራት ይለማመዱና ይመለሱበት።

በቅድሚያ ከፍታውን ያስተካክሉ። ባዶው ዘንግ ከሌሎቹ በላይ ከመታ አውታሩ ላይ ያለው የፍላጻ መግጠሚያ ምልክት ዝቅ ብሏል፤ በታች ከመታ ከፍ ብሏል። ከዚያ ወደ ጎኑ ይሂዱ። በቀኝ እጁ ለሚስብ ሰው ባዶው ወደ ግራ ከመታ ዘንጉ ግትር ነው፤ ከበድ ያለ ጫፍ ይሞክሩ። ወደ ቀኝ ከመታ ልል ነው፤ ቀለል ያለ ጫፍ ያድርጉ ወይም ዘንጉን ሩብ ኢንች፣ ሩብ ኢንች እያሉ ያሳጥሩ። ለግራ እጅ ሰው ሁሉም ይገለበጣል። የተቆረጠ ዘንግ አይቀጠልምና መጀመሪያ ረጅም ሆኖ መገዛቱ ለዚህ ነው። በእያንዳንዱ ለውጥ ድምሩን ደግመው ያሰሉ፤ ቀላል ጫፍ ሲያደርጉ ሳያውቁት ከ8 በታች ሊወርዱ ይችላሉ። ከቆረጡ ደግሞ ዘንጉ ከሚስቡት ቢያንስ አንድ ኢንች እንደሚተርፍ ያረጋግጡ።

በተስተካከለው ፍላጻ ላይ የሚዛን ነጥቡን ማየትም ደግ ነው። ፍላጻውን በጣትዎ ላይ አጋድመው የሚቆምበትን ቦታ ያግኙ። ከኋላ ስንጥቅ እስከ ዘንጉ መጨረሻ 29 ኢንች ሆኖ ሚዛኑ በ18ኛው ኢንች ላይ ቢውል፣ ከመሐሉ 3.5 ኢንች ወደ ፊት ነው፤ ለ29 ሲካፈል 12 ከመቶ። ከ10 እስከ 15 ያለው ለኢላማ ጥሩ ነው።

በወርቅ ሚዛን ያመሳስሉ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይውሰዱ ብባል ይህንን ክፍል እመርጣለሁ። 9 ይሁን 10 ይሁን 11 ቀስተኛው ይለምደዋል፤ አንዱ ፍላጻ 360 ሌላው 390 ሲሆን ግን ምንም ዓይነት ልምምድ አያድነውም። በምሳሌያችን ቀስት 10 ግሬይን ልዩነት በ18 ሜትር 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ይለውጣል። 30 ግሬይን ደግሞ 3 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። በአዳራሽ ውድድር የ40 ሳንቲ ሜትር ኢላማ ላይ አንዱ የነጥብ ክብ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስፋት ስላለው፣ በትክክል የተለቀቀ ፍላጻ በክብደቱ ምክንያት ብቻ ከአንድ ነጥብ በላይ ያጣል። ቀስተኛው ደግሞ እጄ ነው እያለ ያልተበላሸውን አለቃቀቁን ማስተካከል ይጀምራል፤ ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው።

የግራም መቶኛ የሚያነብ የወርቅ ሚዛን ይግዙ ወይም ወርቅ ቤት የሚሠራ ወዳጅ ካለዎት ይጠይቁ። እያንዳንዱን ፍላጻ መዝነው በግራም የተነበበውን በ15.43 አባዝተው በዘንጉ ላይ በቋሚ ቀለም ይጻፉ። ለጀማሪ በቀላሉና በከባዱ መካከል ከ10 ግሬይን፣ ማለትም ከ0.65 ግራም ያልበለጠ ልዩነት ይበቃል። ለውድድር 5 ግሬይን ይፈልጉ። ከመስመር የወጣውን አይጣሉት፤ ለሰውነት ማሟሟቂያ ይሁን፤ ከሌሎቹ ጋር ግን አይቀላቀል። ጫፍ የተነቀለበትን ወይም ላባ የተቀየረለትን ፍላጻም እንደገና ይመዝኑ። ይህን እያደረጉ የካርቦን ዘንጎችን በሁለት እጅ ትንሽ ጎበጥ እያደረጉ ይመርምሩ፤ የሚንጫጫ ወይም ስንጥቅ የሚታይበት ዘንግ ተሰብሮ እጅ ስለሚወጋ ይወገድ።

ወደ ሱቅ ሲሄዱ ሦስት ቁጥሮች ጽፈው ይያዙ፤ የሚስቡትን ርዝመት፣ በዚያ ርዝመት ላይ ያለውን የቀስትዎን ጉልበት፣ እና የሚፈልጉትን የፍላጻ አጠቃላይ ክብደት። ሻጩ ከ8 በታች የሆነ ፍላጻ ፈጣን ነው ብሎ ቢያቀርብልዎት አይቀበሉት። ደርዘን አይግዙ፤ ሦስት ሙሉ ፍላጻና አንድ ላባ የሌለው ዘንግ ገዝተው ይሞክሩ፣ ሙከራው ሲሰምር ቀሪውን ከዚያው ዓይነትና ከዚያው ክብደት ያሟሉ።